ወለል ያጣ ወንበር

በ1993 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ወይዘሮ ንግሥቴ ከማንኩሳ ፍኖተ ሰላም ድረስ በጋሪ የመጡት የሟች ባላቸውን የዘሩን ወንበር በሥዕል ሊያዩ ነበር። ዘሩ ያንን ወንበር ከዋንዛ ሲጠርበው አንድ ሚስማር አልመታበትም። መምህር ናሁሰናይ ለባህል ዐውደ ርእይ በውሃ ቀለም ሊሥለው ሦስት ቀን ቤታቸው ሲመላለስ፣ እሳቸው ሥራ ፈትተው ያዩት ነበር። ውሃ፣ ከእንስራቸው የተቀዳ ተራ ውሃ፣ የዋንዛን ወዝ ወረቀት ላይ ሲያወጣ! የዘሩ ክርን አርባ ዓመት ያሻሸው መደገፊያ እንኳ ሳይቀር አበራ።

አሁን ግን ሰዎች ሥዕሉ ፊት ቆመው ይሳሳቃሉ።

«ከሥሩ ምንድን ነው የተጻፈው?» አሉ መምህሩን።

ናሁሰናይ አንገቱን ደፍቶ አነበበ፦ «ጥንታዊ ወንበር። ሠሪው አይታወቅም። የኋላ እግሮቹ ማጠር የሙያ ማነስን ያሳያል።»

«ማን ነው የማይታወቀው?»

ጽሑፉን ያዘጋጀው የዐውደ ርእዩ ኃላፊ ክንፈሚካኤል ፈገግ እያለ መጣ። «እማማ፣ አይቆጡ። ወደ ኋላ ዘንበል ብሏል እኮ። ሠሪው ሜትር አልነበረውም መሰለኝ።»

«ሜትር? የቡሬ ሰው በር ሊያሠራ ደጅ ይጠናው የነበረውን ሰው ነው ሜትር አልነበረውም የምትለው? ቤታችን ተዳፋት ላይ ነው፤ ወለሉ ወደ በሩ ይወርዳል፤ ወንበሩም ፊቱን ወደ በሩ ነው። የተቀመጠ እንግዳ ወደ ፊት እንዳይንሸራተት ብሎ የፊቱን እግሮች ሁለት ጣት አስረዘማቸው። እዚያ ቤት ወተት የሞላ ዋንጫ ብታስቀምጥበት ጠብ አይልም!»

ወደ መምህሩ ዞሩ። «አንተስ! ወንበሩን አምጥተህ ወለሉን የት ጣልኸው?»

ናሁሰናይ ደነገጠ። ከእግሮቹ ሥር ያለውን ነጭ ወረቀት ያማረ መስሎት ነበር ባዶውን የተወው። ሥዕሉን ከግድግዳው አወረደ፣ ብሩሹንና ቀለሙን ከቦርሳው አወጣና ከአራቱ እግሮች ሥር ቁልቁል የሚወርድ አፈር ቀባ። ወንበሩ ቀጥ አለ! ሲስቁ የነበሩት ጠጋ ብለው አዩት።

«ጥሩ ነው፤» አለ ክንፈሚካኤል እያጉረመረመ። «ጽሑፉን ሰኞ እናስተካክለዋለን።»

«ስድቡን ስትጽፍ ሰኞን ጠብቀሃል?»

ወይዘሮ ንግሥቴ ሥዕሉ ሥር ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አሉ። የፕላስቲክ ወንበር ሲያመጡላቸው አየት አደረጉትና በእግራቸው ገፉት።

ክንፈሚካኤል እስክሪብቶውን አውጥቶ ጽሑፉን ሰረዘ። «ሠሪውን ማን ልበል?»

«ዘሩ ወልደ ዮሐንስ፣ አናጢ። ጎላ አድርገህ ጻፈው፤ ስድቡም በትልቁ ነበር የተጻፈው።»