ሳር ይዘው የተንበረከኩ አባት

ኤርጫፎ ገና ልጅ ሳሉ፣ ደጋው ላይ ገረሴ አጠገብ፣ አላባራ ያለ ዝናብ የኮረብታውን ጎን ገምሶ በአጎታቸው ቤት ላይ ጣለው። እሳቸው በሩ ሥር ተኝተው ስለነበር እስከ ወገባቸው ብቻ ተቀበሩ፤ ጎረቤት በእጁ እየጫረ አወጣቸው። አጎታቸው ከነቤተሰቡ እዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ ዳገት ሥር ወይም ገደል አፋፍ ላይ እንቅልፍ ወስዷቸው አያውቅም። ቆላ ወርደው ኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ አለሙ፤ ሲቀላ በሚባለው የከተማው ታችኛ ሰፈር፣ ሜዳው ላይ ቤት ሠርተው ኖሩ።

ዘንድሮ ልጃቸው ወርቂቱ ከላይ፣ ኮረብታው ላይ ባለው ሰፈር በሴቻ ቤት ገዛች። ባሏ ለሥራ ሐዋሳ በሄደበት ሰሞን «ሰፈሬን ላሳይዎት» ብላ አባቷን ይዛ ወጣች።

ሰፈሩ ያምራል። አንዱ ቤት ፊቱን በጥርብ ድንጋይ አስጊጧል፤ ሌላው ሰገነቱን ከታች ወደሚታዩት ሐይቆች አዙሯል። በየአጥሩ ቀይ አበባ ተንዠርግጓል።

«ይቺን ዘንባባ አዩዋት አባዬ? ከፎቁ ትበልጣለች እኮ!»

አቶ ኤርጫፎ ቀና አላሉም። ዓይናቸው ከአጥሮቹ እግር አልተነሳም። አንዱ ግንብ ዘመም ያለ መሰላቸው፤ እርምጃቸውን አፈጠኑ።

የወርቂቱ ግቢ መጨረሻው ላይ ነው፤ ከእሱ ወዲያ ገደልና ጫካ ብቻ። ከጽጌረዳዎቹ ኋላ መሬቱ ተሰንጥቋል። ከዘራቸውን ቢሰዱበት እስከ እጀታው ገባ። ቶሎ መዘው ወደ ኋላ አሉ።

«ይኼ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ስንገዛውም ነበረ። መሐንዲስ አይቶት ምንም አይደለም ብሏል። እርስዎ ደግሞ የአይጥ ጉድጓድም ያስፈራዎታል!» ሳቀች።

በተራራው በኩል ሰማዩ ጠቁሮ አጉረመረመ።

«ዛሬ እዚህ አታድሪም።»

«አድራለሁ እንጂ! ቤቴ አይደል?»

በጋሞ አገር ሽማግሌ እርጥብ ሳር ይዞ ከተንበረከከ፣ ለጠብ የተነሳ ሰው እንኳ ይቆማል፤ እምቢ ማለት ትልቅ ነውር ነው። ይህ ግን ለተጣሉ ሰዎች የሚደረግ ነው። አባት በገዛ ልጁ ፊት ሲያደርገው ማን አይቷል? አቶ ኤርጫፎ ከልጃቸው ግቢ ሳር ነጩ፤ በሩ ላይ ወጥተው ድንጋይ ንጣፉ ላይ ተንበረከኩ።

ፊት ለፊት የሚኖሩት ነጋዴ፣ ሐጂ ሚፍታ፣ በነጠላ ጫማ ሮጠው መጡ።

«ያ አላህ! ማን ከማን ተጣላ?»

«እኔ ከዚህ ገደል ጋር።»

«ታዲያ ገደሉ ወዲያ ነው፤ ልጅቷን ለምን ይለምናሉ?»

«ገደሉ መቼ ይሰማል!»

«ይነሱ አባዬ፣ አዋረዱኝ እኮ!» አለች ወርቂቱ፣ ፊቷ ቀልቶ።

«እሺ በይኝ።»

ዝናቡ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። ሰማዩ ባጉረመረመ ቁጥር ዓይናቸው ወደ ገደሉ ሲወረወር አየች። አባቷ እንዲህ ሲፈሩ አይታ አታውቅም ነበር። ሳቋ ጠፋ።

«እሺ። እሺ ብያለሁ፤ ይነሱ።»

ቤቱን ቆልፋ አብራቸው ሲቀላ ወረደች፤ ክረምቱም እዚያው አለፈ። ቤቱ አልተደረመሰም፤ እስከ ዛሬ ቆሟል። ሐጂ ሚፍታ ባገኟቸው ቁጥር «ገደሉ ሰላም ብሎዎታል» ይሏቸዋል። ወርቂቱ ግን በጋ ሲሆን ትመለስና ደመና ሲከብድ ሳትጠራ ትወርዳለች።

አቶ ኤርጫፎ ስለዚያ ቀን ሲጠየቁ እንዲህ ይላሉ፦ «ሰዎች ይሳቁ። እኔ ኩሩ ሰው ነኝ፤ ለሹምም ለሀብታምም ጎንበስ ብዬ አላውቅም። ፍርሃቴም አልለቀቀኝም፤ ዛሬም ሲያጉረመርም ከመኝታዬ እነሳለሁ። ግን ፈርቼ ስለምናት ልጄ ሰማችኝ። በዕድሜዬ ካገኘሁት ሁሉ የሚበልጥብኝ እሱ ነው።»