የአለቃዬ የላባ ዝንብ

በጃንሆይ ጊዜ መቱ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። አለቃችን ለስድስት ወር ትምህርት ባሕር ማዶ ተልኮ ነበር፤ ሲመለስ ስለተላከበት ጉዳይ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ዓሣ ማጥመድ ተምሮ መጣ። ያን ጊዜ አንቱ እለው ነበር። አንቱታው ለወንበሩ ነበር፤ ዛሬ ወንበሩም የለም።

ይዞ የመጣው እንደ ልብ የሚታጠፍ ቀጭን ዘንግ፣ ወፈር ያለ ክርና አንድ ቆርቆሮ ሣጥን ሙሉ ዝንብ ነው። ዝንቦቹ የውሸት ናቸው፤ ትንንሽ መንጠቆ ላይ ላባና ጠጉር በማሰር የተሠሩ። «ትል ሰክቶ መቀመጥ የባላገር ሥራ ነው፤ የሠለጠነ ሰው ዓሣን በላባ ነው የሚያታልል» አለን። የሶር ወንዝ ዳር ገበሬዎች በትልና በቀርከሃ እየያዙ ቤተሰብ ሲመግቡ እንደኖሩ ለእሱ ማን ይንገረው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አምስታችንን ጸሐፊዎች ከቢሮው ጀርባ ሣር ላይ አሰልፎ ያስተምረን ጀመር። ውሃ በሌለበት ዓሣ ማጥመድ! የሚያናድደው ግን ትምህርቱ ልክ መሆኑ ነው።

«ዝንቡ ክብደት የለውም፤ የምትወረውሩት ክሩን ነው» ይላል። «ክርናችሁን ከጎናችሁ አታርቁ። ዘንጉን ወደ ኋላ አንሡና ጆሯችሁ አጠገብ ሲደርስ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት። ክሩ ከኋላችሁ እስኪዘረጋ ጠብቁ። ከዚያ ወደ ፊት።»

ራሱ ሲያሳይ ግን መጠበቅ የሚባል ነገር አያውቅም። ዕድሜ ልኩን ሰው ደጅ ሲያስጠና የኖረ ሰው አንድ ክር እስኪዘረጋ ሊታገሥ ነው? ገና ሳይዘረጋ ወደ ፊት ይገርፈዋል፤ ክሩ እንደ ጅራፍ ጮኾ አንገቱ ላይ ይጠመጠማል። እኛም እያጨበጨብን «እንዴት ያምራል!» እንላለን። ከሁሉ ጮክ ብዬ የምለው እኔ ነበርኩ።

ያላጨበጨበችው የቢሯችን ታይፒስት ብቻ ናት። የጎረቤታችን ከተማ የሁሩሙ ልጅ ነች፣ ወሬ የማታበዛ። የተጠራችው ሻይ እንድትቀዳልን ስለነበር ዘንጉን አንድም ቀን አልሰጣትም። እሷም ብርጭቆ ይዛ ቆማ ታዳምጣለች።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ በላንድሮቨር ወደ ሶር ወረድን፤ ከፏፏቴው ራቅ ብሎ ውሃው በድንጋይ መካከል ዝግ የሚልበት ቦታ። አለቃችን እስከ እኩለ ቀን ወረወረ። አንዱ ዝንብ ዛፍ ላይ ቀረ፤ ሌላው የገዛ ኮቱ ጀርባ ላይ ተሰካ። ማር ተሸክሞ ወደ ገበያ የሚሄድ ሰው ቆሞ አየውና በኦሮምኛ፣ «ሰውዬው ዝንብ ነው የሚያባርረው?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ምን አለ?» አለኝ አለቃዬ።

«ጉልበት ይስጥዎ ነው ያለው» አልኩ።

ምሳ ሊበላ ጥላ ሥር ሲቀመጥ ዘንጉን አስያዘኝ። ሻይ ልትቀዳ አብራን የወረደችው ታይፒስት መጥታ፣ «እስቲ ወንድሜ፣ ስጠኝ» አለች። ክርኗን ጎኗ ላይ ለጠፈች። ዘንጉን አነሣች፣ አቆመች፤ ዘወር ብላ ክሩ እስኪዘረጋ አየችና ወደ ፊት ለቀቀችው። ዝንቡ ወንዙ ከሚመጣበት በኩል ውሃው ላይ እንደ እውነተኛ ዝንብ ቀስ ብሎ አረፈ። «ከወንዙ ጋር ይምጣ እንጂ አይጎተትም ብለዋል አለቃችን» አለች ለራሷ። በሦስተኛው ውርወራ ውሃው ፈነዳ። ዓሣው ሲጎትት እየለቀቀች፣ ሲደክም እየሰበሰበች ዳር አወጣችው። ክንድ የሚያህል፣ ቅርፊቱ ወርቅማ።

አለቃችን አፉ እንደሞላ ሮጦ መጣ። «አጋጣሚ ነው!» ብሎ ዘንጉንም ዓሣውንም ቀማት።

ሰኞ መቱ በሙሉ አለቃው ዓሣ ያዘ ሲባል ዋለ። የጠየቀኝን ሁሉ «በዓይኔ አይቻለሁ» አልኩ። ወሬው የጠቅላይ ግዛቱ መቀመጫ ጎሬ ደረሰና አንድ ትልቅ ሹም ሊያዩ መጡ። አለቃችን ክራባት አስሮ ወንዝ ዳር ቆመ። ወረወረ፣ ተጠመጠመበት፤ ፈታ፣ ደግሞ ወረወረ። ሹሙ ማዛጋት ጀመሩ። በመጨረሻ ላቡን እየጠረገ ወደ ታይፒስቷ ሄዶ፣ «ነይ፣ አንዴ ወርውሪና ሲይዝልሽ ለእኔ ታቀብይኛለሽ» አላት በሹክሹክታ።

እሷ ግን ሁላችንም እንድንሰማ፣ «አጋጣሚ ነው ብለው የለ ጌታዬ? አጋጣሚ በትእዛዝ አይመጣም» አለች።

ሹሙ ወደ እኔ ዞሩ። «ታዲያ ያን ዓሣ የያዘው ማን ነው?»

ጫማዬን አየሁ። ሌሎቹም ጫማቸውን አዩ። ሹሙ ሳቅ ብለው መኪናቸው ውስጥ ገቡ።

በዚያው ሳምንት ታይፒስቷ «ለሥራው ጥቅም» ጋምቤላ መንገድ ላይ ወዳለችው ቡሬ ተዛወረች። ደብዳቤውን ያረቀቅሁት እኔ ነኝ። ሌላ ታይፒስት ስላልነበረን የገዛ ዝውውሯን ራሷ በታይፕ መታችው። ረቂቄን አንሥታ አየችና፣ «ሥራ በንጉሡ ሠ ነው የሚጻፈው» ብላ ፊደሉን አርማ መታችው፤ ለፊርማም ራሷ አስገባችው።

ሐሙስ ዕለት የጭነት መኪና መጣላት። እኛ አምስት ወንዶች እጃችንን ኪሳችን ከትተን በር ላይ ቆመን አየናት፤ አለቃው በመስኮት እያየን ነበርና። ሣጥኗን ሾፌሩ ጫነላት። እሷ ጋቢና ገብታ በሩን ዘጋች።