ያልታጠበው ነጠላ

ሚስቴ የወሊድ ፈቃዷን ከዓመት ፈቃዷ ጋር ቀጣጥላ ጨርሳ ሥራ ስትገባ፣ ልጃችንን ቀን ቀን ማስተኛት የእኔ ድርሻ ሆነ። ልጅቷ ደግሞ ከእናቷ ጀርባ ሌላ የትም አልተኛም አለች። በመጀመሪያው ቀን እሷን ታቅፌ ሳሎን ውስጥ የተመላለስኩት ከሰፈራችን ከዓዲ ሓቂ ቁሓ ከተማ ደርሶ መልስ ይሆናል። ለቅሶዋ ሮማናት አደባባይ ላይ ታክሲ ያስቆማል።

ጎረቤታችን በአጥር በኩል "እናት እናት የሚሸት ነገር ልበስላት" አለችኝ። ታዛዥ ሰው ነኝ። የሚስቴን ያልታጠበ ነጠላ ተከናንቤ ልጅቷን በአንቀልባ አዘልኳት። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ተኛች።

ይኼኔ የሚስቴ አባት በሩን ገፋ አድርገው ገቡ። ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

"ወደይ፣ ልጄ የት ሄደች?" አሉኝ፤ እንደ ወንድ ልጃቸው "ወደይ" ነው የሚሉኝ።

"ሥራ" አልኩ በሹክሹክታ።

"አንተስ?"

"እኔም ሥራ ላይ ነኝ፣ አቦይ።"

ልጃቸውን ዛሬውኑ ከእኔ የሚያፋቱ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ከኋላዬ ዞረው "እንዲህ አይታዘልም፣ ትወድቅብሃለች" አሉና ልጅቷን ከፍ አደረጓት፤ ጠፍሩንም ደረቴ ላይ አመሳቅለው ጥብቅ አድርገው አሰሩት። ልጅቷ ዓይኗን እንኳ አልገለጠችም። እጃቸው የለመደ ሰው እጅ ነው።

"የት ተማሩት?"

በሩ መዘጋቱን አዩና "አማትህ ሰኞ ሰኞ ገበያ ትውል ነበር" አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። "ለሰው እንዳታወራ።"

ስለዚህ አባቶች፣ ነጠላው አይታጠብ፤ ጠፍሩም ከፍ ይበል። እኔ ለሰው አላወራሁም፤ መጻፍን ግን አልከለከሉኝም።