ከእባብ ጋር ወደ አሶሳ

ይህ የሆነው በአርባዎቹ ዕድሜዬ አጋማሽ፣ በክረምት መርሐ ግብር በትልቁ ዩኒቨርሲቲያችን የባዮሎጂ ሁለተኛ ዲግሪዬን ስማር፣ የመመረቂያ ጥናቴን በማቀርብበት ዋዜማ ነው። ባምባሲ አካባቢ ሞቶ ያገኘሁትን ብርቅ እባብ አልኮል በተሞላ አፈ ሰፊ ጠርሙስ ይዤ ወደ አሶሳ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ፤ ከአሶሳ በአውሮፕላን ወደ ዩኒቨርሲቲው ልሄድ ነበር። እባቡ ፈታኞቼ ፊት ካልቀረበ ጥናቴ ወሬ ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር።

ሹፌሩ ጠርሙሱን እንዳየ ሞተሩን አጠፋ።

«ጋሼ፣ ይውረዱልኝ። ይኼን ይዤ አልነዳም።»

«የሞተ እኮ ነው» አልኩት።

«የሞተ እባብ ይዞ የሚዞር ሰው ነው የሚያስፈራው።»

ስለ ናሙና አጠባበቅ ማብራራት ስጀምር ተሳፋሪው ሁሉ ከሹፌሩ ወገን ሆነ። ይህን ጊዜ ከኋላዬ የተቀመጡ አንድ የበርታ አዛውንት ትከሻዬን ያዝ አድርገው ሹፌሩን፣ «ተው፣ እሱ ፈቂ ነው። ያ መድኃኒት ነው» አሉ። ፈቂ በአካባቢው ዱዓ የሚያደርግና የሚፈውስ የሃይማኖት አዋቂ ነው። ላስተባብል አፌን ስከፍት ሞተሩ ተነሣ፤ አፌን መልሼ ዘጋሁ።

አሶሳ መናኸሪያ ስንደርስ ሹፌሩ ጠርሙሱን በሁለት እጁ አወረደልኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ፈቂ፣ ለሥራ ተወዳድሬያለሁ። ዱዓ ያድርጉልኝ» አለኝ።

እጆቼን ዘርግቼ አደረግሁለት።

ከዓመታት በኋላ እንደሰማሁት፣ ሹፌሩ ያኔውኑ እኔ በተማርኩበት ትምህርት ክፍል ባዮሎጂ አጥንቶ የተመረቀ ነበር፤ ዛሬ ያንኑ ትምህርት ባምባሲ ሲያስተምር፣ ሥራውን ያገኘው በአንድ ፈቂ ዱዓ መሆኑን ለተማሪዎቹ ይነግራቸዋል።