በውሸት የተረጎምኳት ቃል

በየዓመቱ ለንስሐ አባቴ ስናዘዝ አንዲት ቃል እዘላለሁ። ሐሜቱንም ቁጣውንም የፈረሰውንም ጾም እናገራለሁ፤ እዚያች ቃል ላይ ስደርስ ግን ምላሴ ይታሰራል። ባለቤቴም ሳልነግረው አረፈ። አሁን ለእናንተ የምጽፈው ፊታችሁን ስለማላይ ይሆናል።

ያኔ የምኖረው ጄኔቫ ነበር። ፓኪ በሚባለው ሰፈር፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለ ርካሽ ሆቴል፣ ሴናሚ ከምትባል የቤኒን ሴት ጋር ክፍል አጸዳ ነበር። አልጋ የምናነጥፈው ለሁለት ነው፤ እሷ በዚያ ወገን አንሶላውን ስትወጥር እኔ በዚህ ወገን እወጥራለሁ። እኔ በተሰባበረ ፈረንሳይኛዬ ብዙም አላወራም። እሷ ለሁለታችንም ታወራ ነበር።

ስለ አያቶቿ አገር፣ ስለ ዳሆሜ መንግሥት የነገረችኝም አንሶላ እየወጠርን ነው። ትንሽ መንግሥት ነበር አለች፤ ጎረቤቶቹን እየዋጠ እስከ ባሕሩ ወረደ። የማረከውን ሕዝብ ለነጮች መርከብ ሸጦ ጠመንጃ ገዛ፤ በጠመንጃው ደግሞ ሌላ ሕዝብ ማረከ። ሴቶች ወታደሮችም ነበሩት። ኋላ መርከቦቹ መምጣት አቆሙ፤ የፈረንሳይ ጦር ሲገባም ንጉሡ የገዛ ቤተ መንግሥቱን አቃጥሎ ሸሸ። እኔ ወገኖቿ የተሸጡት መስለውኝ ከንፈሬን መጠጥኩ። ሴናሚ ትራሱን እንዳቀፈች ቆመች።

«አትዘኚልኝ። እኛ ከሻጮቹ ነን» አለች። «አያቴ ዕድሜዋን ሙሉ ስትኮራበት ኖራ ልትሞት ስትል አለቀሰች። ይህን ለሰው ተናግሬ አላውቅም። እናንተ አገርስ ነበረ?»

«አልነበረም። ቃሉም የለን» አልኳት።

ቃሉም የለን! እኔን አዝላ ያሳደገችኝ ማን ሆነችና? አያቴ ቤት «ማን ያውቃል» የምትባል ሴት ነበረች፤ በልጅነቷ ከከፋ በኩል ተገዝታ የመጣች። ነጻ ወጥታለች ከተባለ በኋላም የምትሄድበት ስላልነበራት እዚያው ቀረች። ስሟ ጌታ ግማሹን የሚጠራው፣ ባሪያ ግማሹን የሚመልሰው ስም ነበር። አያቴ «ማን ያውቃል!» ብላ ስትጣራ እንደ ሌላው ሰው «አቤት» አትልም፤ ከጓዳ «እግዜር ያውቃል!» እያለች ትሮጣለች። እኔም በአምስት ዓመቴ እንደዚያው እጣራት ነበር። ስትሮጥ ማየት ደስ ይለኝ ነበር።

እዚያው ሆቴል ልብስ ማጠቢያው ክፍል አልማዝ የምትባል ያገሬ ልጅ ትሠራ ነበር። አንድ ቀን ሴናሚ ስትገባ አይታ «ያቺ ባሪያሽ መጣችልሽ» አለችኝ። ሳቅሁ። የሴናሚ ጆሮ ፈጣን ነው፤ አሳንሰር ውስጥ ስንገባ «ባሪያ ምን ማለት ነው?» አለችኝ። እኔ፣ ቃሉ የለንም ያልኩት እኔ፣ «ጠንካራ ሴት ማለት ነው» አልኳት። ደስ አላት። «ነኝ» የሚለውን ጨምሬ ያስጠናኋትም እኔ ነኝ። ለምን? ሐሰቴ እንዲያምር ይሆን? አላውቅም።

የአልማዝ ልጅ ክርስትና የተነሣ ዕለት ሴናሚ ነጭ ለብሳ መጣችና በሰው ሁሉ ፊት ደረቷን መታ አድርጋ «እኔ ሴናሚ! ባሪያ ነኝ!» አለች። ከእንግዶቹ አንድ ሰውዬ «እግዜር ይስጥሽ እቴ፣ እኛን ከመናገር አዳንሽን» ሲል ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሴናሚ የወደዷት መስሏት አብራቸው ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ዓይኗ እኔን ሲፈልግ እያየሁ ሳቅሁ።

ኋላ ባለቤቴ ዙሪክ ሥራ አገኘና ከከተማው አጠገብ አድሊስቪል ገባን። እሱ ሞተ፤ ልጆቼ በበዓል ይመጣሉ። ሴናሚ ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየእሑዱ ትደውልልኝ ነበር። ስልኩን ሳነሣ «ባሪያዬ!» ትለኛለች። «አቤት» እላለሁ። አንዳንድ ሳምንት ሌላ የሚጠራኝ ሰው አልነበረም።

ባለፈው ወር ደውላ፣ በምትኖርበት የአረጋውያን መኖሪያ ረቡዕ ሥራ የምትጀምር ኢትዮጵያዊት ነርስ እንደተቀጠረች ነገረችኝ። «በቃላችሁ ሰላም እላታለሁ» ብላ ሳቀች። በማግሥቱ የጄኔቫን ባቡር ተሳፈርኩ። የሄድኩት ለእሷ ክብር ብዬ ነው? ወይስ ነርሷ ሳትነግራት ለመቅደም? ነርሷ ባትቀጠር ኖሮ አልሄድም ነበር።

ሁሉንም ነገርኳት፤ አሳንሰሩን፣ ክርስትናውን፣ ሳቁን፣ የአያቴን ቤት። አላለቀሰችም።

«እኔ የቤቴን ጉድ ባወቅሁሽ በሦስተኛው ወር ነገርኩሽ» አለች። ቀጥላም «የዚያች ሴት እውነተኛ ስሟ ማን ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ።

አላውቅም። ጠይቄያት አላውቅም። አዝላኝ ስታድር፣ ስታጎርሰኝ፣ ኋላም ስትቀበር፣ እናቷ ያወጣችላትን ስም አልጠየቅኋትም። ሴናሚ ፊቷን አዞረች።

ከዚያ ወዲህ አራት እሑድ አለፈ፤ ስልኩ አልጮኸም። ዘመኑ ነው፣ ቃሉን ያገኘሁት ከቤት ነው፣ ልጅ ነበርኩ ማለት ይቻል ነበር። በክርስትናው ቀን ልጅ አልነበርኩም። ሴናሚንም ይቅር በይኝ አላልኳትም፤ ይቅር ካለችኝ እንደገና የምታገለግለኝ እሷው ትሆናለች።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ስልኩ አጠገብ እቀመጣለሁ። ቤቱ ሲከብደኝ «ማን ያውቃል» ብዬ ቀስ ብዬ እጣራለሁ። ከጓዳ የሚመልስልኝ የለም።