በአንድ ሰዓት የዋጥነው ክኒን

እኔና ባለቤቴ መድኃኒታችንን የምንውጠው ማታ፣ ከዜና በፊት ነበር። ሦስት መድኃኒት በአንድ ክኒን ተቀላቅሎ፣ ለእሱም ለእኔም ያው ነው። ልዩነታችን እኔ ገና ሰውነቴ ደህና ሳለ መጀመሬ፣ እሱ ግን አጥንቱ ብቻ ሲቀር መጀመሩ ነው።

ያዘገየው ወባ ነው። አርባ ምንጭ ላይ ትኩሳት ሁሉ ወባ ነው። ላንቴ ቀበሌ ካለው የሙዝ ማሳችን እየተንቀጠቀጠ ሲመለስ የወባ መድኃኒት ገዝቶ ይውጣል፣ ይሻለዋል፣ ደግሞ ይተኛል። ሱሪው ከወገቡ እየወረደ እንኳ "የዘንድሮዋ ወባ ክፉ ናት" ይል ነበር። ሳል ሲጨመርበት ሆስፒታል ሄድን። ኤች አይ ቪ ነው፣ በጣም ገፍቷል አሉን። የእኔንም ደም አዩ፤ ተገኘብኝ። ከማን እንደመጣ አልተጠያየቅንም።

መድኃኒቱን ከጀመርን ከወራት በኋላ የቫይረስ መጠን ተለካ። የሁለታችንም "አይታይም" አለ። ባለቤቴ ወንበሩን ወደ ሐኪሙ አስጠጋ።

"ዶክተር፣ እኔ አበባውን አይቼ የሙዙ ዘለላ ይሞላ አይሞላ እናገራለሁ። አንተም ሳትደብቅ ንገረኝ። ቫይረሱ እንደወረደ ይቀራል?"

"ጋሼ፣ ቶሎ መውረዱ ጥሩ ምልክት ነው። ግን የሰውነትዎ መከላከያ ካለቀ በኋላ ነው የጀመሩት። እንዲህ ሲሆን ይቆያል ብሎ መናገር ይከብዳል። የእርሳቸው የሚቆይ ይመስለኛል።" ወደ እኔ አየ።

"እሷማ ድሮም ግትር ናት። ቫይረሱም ፈርቷት ነው" አለ ባለቤቴ።

የጠየቀው በከንቱ አልነበረም። ያረጀውን ሙዝ ነቅሎ አዲስ ችግኝ ሊተክል ፈልጓል፤ ችግኝ ደግሞ ዘለላው እስኪቆረጥ ከዓመት በላይ ያስጠብቃል። ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ "ጥሩ ምልክት ነው ብሏል አይደል?" አለኝ። ብሏል አልኩት። በሳምንቱ ተከለ።

በሚቀጥለው ምርመራ የእኔ እንዳለ ነው። የእሱ ግን ጨምሯል። ምክር የምትሰጠው ሴት "መድኃኒቱን ይረሳሉ አይደል?" አለችው።

"አልረሳም።"

"ሁሉም እንዲህ ነው የሚለው።"

አብረን ነው የምንውጠው፣ አይኔ እያየ ነው አልኳት። "እናቴ፣ አይሸፋፍኑላቸው" አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ክኒኑን በዋጠ ቁጥር ወደ እኔ ዞሮ አፉን ይከፍት ጀመር። ምላሱን አንስቶ ከስሩም ያሳየኛል። "መስክሪ" ይለኛል። መጀመሪያ ሳቅን። በኋላ አልሳቅንም።

መድኃኒቱን ቀየሩለት። ሳሉ ግን ቀድሞ ተመልሶ ነበር። ሲቀበር ሙዙ ገና አበባ አላወጣም ነበር። ዘለላው ሲደርስ የባለቤቴ ወንድም አስቆርጦ በአይሱዙ አስጫነው፤ እኔ ማሳው ድረስ አልሄድኩም።

በቅርቡ የእኔ እንደገና ተለካ። ሐኪሙ "አይታይም፤ እንዳልኩዎት ነው" አለኝ። አመሰገንኩት። የባለቤቴ ለምን እንዲያ እንደሆነ ብጠይቀው ዘግይተው ነው የጀመሩት ከማለት ሌላ የሚነግረኝ የለውም፤ ያንን ደግሞ አውቀዋለሁ።

ማታ ዜና ሊጀምር ሲል ክኒኔን እውጣለሁ። ውሃውን አስቀምጬ እሱ ይቀመጥበት ወደነበረው ወንበር እዞራለሁ። ከዚያ ቴሌቪዥኑን እዘጋለሁ።