አራስ ሊጠይቅ የሄደው ብረት

ጋፋት ላይ «እቴነሽ ከቤይሩት ፈረንጅ ባል ይዛ መጣች» ተብሎ ተወራ። ውሸት ነው! ታሪኩን የምታወራለት ፖላንዳዊ ፈረንጅ ከሞተ መቶ ዓመት አልፎታል። በቴዎድሮስ ዘመን እዚሁ መድፍ ይሠራ የነበረ ስደተኛ ነው። እቴነሽ ታሪኩ እንዳይጠፋ ብላ የአባቷን ጎተራ ሙዚየም አደረገችው። ችግሩ፣ ከመድፍ ማቅለጫው ምድጃ የተረፈውን ትልቁን ብረት መንደሩ ለአራስ ትራስጌ ይፈልገዋል፤ ሰይጣን ያርቃል። የተወለደችው ሴት ከሆነች እስከ ክርስትናዋ ሰማንያ ቀን አይመለስም። እንግዳ ሲመጣ ባዶ መደርደሪያ እንዳያይ፣ እቴነሽ «አራስ ሊጠይቅ ሄዷል» ብላ ለጠፈች።

ሰሞኑን እማማ ጥሩነሽ ብረቱን ሲመልሱ፣ «ለመሆኑ ይሄ ፈረንጅ ምንሽ ነው? አጎትሽ ነው እንዴ?» አሏት።

እቴነሽ ሳቀች። «እኔም እንደሱ አሥር ዓመት በሰው አገር ሠርቻለሁ፤ የኔን ታሪክ ማን አስቀመጠልኝ፣ እማማ?»

እማማ ብረቱን በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጉ ጀመር።